ዓሣ ከመግባቱ በፊት፦ አዲስ የዓሣ ገንዳን በአዲስ አበባ ዳርቻ የማዘጋጀት መመሪያ

አዲስ የመስታወት ገንዳ ገዝቶ፣ ውሃ ሞልቶ፣ በዚያው ቀን ዓሣ መጨመር በጀማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው፤ ውጤቱም እንዲሁ የተለመደ ነው። ዓሦቹ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በደህና ይሰነብታሉ፤ ከዚያ ወደ ውሃው ገጽ እየወጡ አፋቸውን መክፈት ይጀምራሉ፣ ክንፋቸውን ያጥፋሉ፣ ምግብ ይተዋሉ፣ ብዙም ሳይቆይ አንድ በአንድ ይሞታሉ። ባለቤቱ የታመመ ዓሣ እንደተሸጠለት ያስባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ዓሦቹን የገደላቸው ከራሳቸው ሰውነት የወጣው አሞኒያ ነው። ይህን ሞት ማስቀረት ይቻላል። የሚጠይቀው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚሆን ትዕግሥትና አስተማማኝ የውሃ መመርመሪያ ነው። መመሪያው በተለይ የታሰበው በለገጣፎ፣ በሰንዳፋ፣ በሱሉልታ፣ በቡራዩ፣ በገላን፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በመሳሰሉት የከተማዋ ዳርቻዎች ለሚኖሩ፣ ውሃ በፈረቃ ለሚደርሳቸው፣ መብራት ለሚቆራረጥባቸውና ሌሊቱ ለሚበርድባቸው ጀማሪዎች ነው።

በገንዳው ውስጥ የሚከናወነው ነገር

ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣል። የተረፈ ምግብና ኩስም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በወንዝና በሐይቅ ይህ መርዝ በብዙ ውሃ ይሳሳል፣ ባክቴሪያዎችም ያለማቋረጥ ይለውጡታል፤ በ100 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎችን ማልማት ነው። የመጀመሪያዎቹ፣ ናይትሮሶሞናስን የመሰሉት፣ አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ወደ ዓሣው ደም ገብቶ ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ሁለተኛዎቹ፣ በገንዳ ውስጥ በዋናነት ናይትሮስፒራ የሚባሉት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ናይትሬት መርዝነቱ ከሁለቱ እጅግ የቀለለ ሲሆን ውሃ በከፊል በመቀየርና በተክሎች አማካይነት ይቀነሳል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በውሃው ውስጥ ተንሳፍፈው ሳይሆን በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ነው። ስለዚህ ከአሮጌ ገንዳ ውሃ ብቻ ቀድቶ ማምጣት ብዙም አይረዳም። እድገታቸውም ዝግተኛ ነው፤ ምግብ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎች በደቂቃዎች ሲባዙ፣ እነዚህ እጥፍ ለመሆን አንድ ቀን ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። ሳምንታት የምንጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ትክክለኛው መንገድም ዓሣ ሳይኖር ባክቴሪያዎቹን አሞኒያ እየመገቡ ማሳደግ ነው። በዓሣ የሚጀመረው የቀድሞው ዘዴ ዓሦቹን ለሳምንታት በመርዝ ውስጥ ስለሚያኖር አልመክረውም።

አንደኛ፦ ቦታና ዕቃ

ለጀማሪ ከ60 እስከ 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይሻላል። ትንሽ ገንዳ ርካሽ ቢመስልም፣ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይበከላል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን፣ 100 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ከመስታወቱና ከጠጠሩ ጋር ከ130 ኪሎ ግራም ሊያልፍ ይችላል፤ ስለዚህ ለቴሌቪዥን በተሠራ ቀጭን ጠረጴዛ ወይም በቡፌ ላይ አይቀመጥም። ማስቀመጫው ጠንካራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ግንበኞች በሚጠቀሙበት ውሃ ልክም ይፈትሹት። ያዘመመ ማስቀመጫ የመስታወቱን ማጣበቂያ ያስጨንቃል። ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያገኘው መስኮት ያርቁት።

ለማጣሪያነት በአየር ፓምፕ የሚሠራውን የስፖንጅ ማጣሪያ አስቀድማለሁ። ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ጋር ሊያያዝ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ውሃውን ያለማቋረጥ ከአየር ጋር ያገናኛል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ እዚህ አገር ከፍ ያለ ትርጉም አለው። አቃቂ አካባቢ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ሲሆን እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በእኛ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በአንድ ሊትር 8 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን የሚይዝ ሲሆን እዚህ የሚይዘው 6 ያህል ብቻ ነው። ዓሦቹም ባክቴሪያዎቹም የሚካፈሉት ይህንኑ ነው። ፓምፑን ከውሃው ከፍታ በላይ ያስቀምጡ፤ አለዚያ መብራት በጠፋ ቁጥር ውሃው በቱቦው ተመልሶ ፓምፑ ውስጥ ይገባል።

ማሞቂያ አስፈላጊ ነው። ባክቴሪያዎቹ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ሙቀት ጥሩ ያድጋሉ፤ በ15 ዲግሪ ግን እድገታቸው በእጅጉ ይጎተታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የውጪው ሙቀት በሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ በተለይም ከእንጦጦ ጀርባ ባለው በሱሉልታ በኩል ብርዱ ስለሚበረታ፣ ለአንድ ሊትር ውሃ ከ1.5 እስከ 2 ዋት ማሰብ ተገቢ ነው። ለ100 ሊትር አንድ ባለ 200 ዋት ከመግዛት ሁለት ባለ 100 ዋት መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ውሃው ጨርሶ እንዳይቀዘቅዝ ያደርጋል፣ በርቶ ቢቀርም ውሃውን ለማፍላት አቅም አይኖረውም። ገንዳውን መክደንና ጀርባውን በነጭ ፎም መሸፈን የሙቀት ብክነትን ይቀንሳል። ማንኛውም የኤሌክትሪክ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ እንዲታጠፍ ያድርጉ፤ እንዲህ ሲሆን ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ወለል ላይ ይንጠባጠባል። እጅዎን ውሃ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ማሞቂያውን ሁልጊዜ ይንቀሉ።

ለጠጠር ከወንዝ የመጣ ለስላሳ ድንጋይ ይበቃል። ኖራ ያለው መሆኑን ለማወቅ ጥቂት አቼቶ ያንጠባጥቡበት፤ አረፋ ካወጣ የውሃውን ፒኤች (የውሃውን ኮምጣጣነት የሚያሳየውን፣ ውሃው ሲኮመጥጥ የሚወርደውን ቁጥር) ከፍ ስለሚያደርግ ይተዉት። ለባክቴሪያ መኖሪያነት ደግሞ በአቅራቢያችን እጅግ ጥሩ ነገር አለ፤ ለመንገድና ለግንባታ የሚውለው ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ቀዳዳው የበዛ ስለሆነ ሰፊ ገጽታ ይሰጣቸዋል። ዘይትና ናፍጣ ያልነካውን ይምረጡ፣ የለውዝ ፍሬ እስኪያክል ይሰባብሩ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግመው ይጠቡ። ለማንኛውም ዕቃ ኦሞም ሆነ ሌላ ሳሙና አይጠቀሙ።

ሁለተኛ፦ ውሃው

የአዲስ አበባ ውሃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂና ከሌሎች ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። በመንገድ ላይ እንዳይበከል ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ክሎሪን ደግሞ የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል፣ ልናለማቸው የምንፈልጋቸውንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። በዓሣ ዕቃ መሸጫዎች የሚገኘው የክሎሪን ማክሸፊያ ፈሳሽ ካለ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ይጠቀሙ። ከሌለ ውሃውን በሳፋ ወይም አፉ ሰፊ በሆነ በርሜል አድርገው፣ አየር እየነፉበት ከ24 እስከ 48 ሰዓት ያሳድሩት። በጀሪካን ማሳደር አያስተማምንም፤ አፉ ጠባብ ስለሆነ ጋዙ በቀላሉ አይወጣም።

ሮቶ ውስጥ የሰነበተ ውሃ ክሎሪኑ ቀንሶ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ሮቶው በቅርቡ በበረኪና ታጥቦ ወይም ውሃ አጋር ተጨምሮበት እንደሆነ የቤቱን ሰው ወይም የግቢውን ጥበቃ ይጠይቁ። በቦቴ የመጣ ውሃም በዚሁ ጥንቃቄ ይታያል። ከጥልቅ ጉድጓድ በቀጥታ የተቀዳ ውሃ ኦክስጅኑ አነስተኛ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ብዙ ሊሆን ስለሚችል፣ ክሎሪን ባይኖረውም ለአንድ ቀን አየር ይንፉበት። የክረምት ውሃ ከቆርቆሮ ጣሪያ አጠራቅሞ ገንዳ መሙላት ግን ለጀማሪ አይመከርም፤ የቆርቆሮው ዚንክ ለዓሣ መርዝ ከመሆኑም በላይ፣ የዝናብ ውሃ ፒኤችን የሚያረጋጋ ማዕድን ስለሌለው ባክቴሪያዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ውሃው በፍጥነት ይኮመጥጣል።

ገንዳውን ይሙሉ፣ ማጣሪያውንና ማሞቂያውን ያስጀምሩ፣ ሙቀቱ 26 ዲግሪ አካባቢ እስኪረጋ አንድ ቀን ይጠብቁ። የሚፈስ ነገር ካለም በዚህ ቀን ይታያል።

ሦስተኛ፦ ባክቴሪያዎቹን መመገብ

ዋናው ሥራ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከሁሉ የሚመረጠው ንጹሕ አሞኒየም ክሎራይድ ሲሆን የላቦራቶሪ ኬሚካል ከሚሸጡ ሱቆች ሊጠየቅ ይችላል። ግማሽ ግራም የሚመዝን ሚዛን በየቤቱ ስለማይገኝ እንዲህ ያድርጉ፦ 30 ግራሙን በወጥ ቤት ሚዛን መዝነው በ1 ሊትር ውሃ ያሟሙት፣ በጠርሙሱ ላይ «መርዝ» ብለው ይጻፉ፣ ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡት። ከዚህ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትሩን ከፋርማሲ በተገዛ ሲሪንጅ ቀድተው ለእያንዳንዱ 50 ሊትር ቢጨምሩ፣ አሞኒያው በአንድ ሊትር ወደ 2 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የገንዳውን መጠን ለማወቅ የውስጥ ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፤ ለጠጠሩ አንድ አሥረኛ ያህል ይቀንሱ።

አሞኒየም ክሎራይድ ካልተገኘ፣ በጾም ወራት በየዓሣ ቤቱ ከሚሸጠው ጥሬ ቆሮሶ ጨው ያልነካው የአውራ ጣት የሚያህል ቁራጭ በንጹሕ ስቶኪንግ ቋጥረው ገንዳው ውስጥ ያንጠልጥሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መበስበስ ይጀምራል፤ አሞኒያው 2 ወይም 3 ሚሊ ግራም ሲደርስ ያውጡት፣ ሲወርድም አዲስ ቁራጭ ይተኩ። ሽታ አለው፣ ውሃውንም ያደፈርሳል፣ ሆኖም ይሠራል። የዓሣ ምግብ በየቀኑ ቆንጠር አድርጎ መጨመርም ይቻላል። በከተማው ዳርቻ ከገበሬ በቀላሉ የሚገኘው የዩሪያ ማዳበሪያ ብዙዎችን ያጓጓል፤ እኔ ግን ለጀማሪ አልመክረውም። ዩሪያ አሞኒያ እስኪሆን ጊዜ ስለሚወስድ በምርመራው ላይ ወዲያው አይታይም፤ ሰውየውም «አልሠራም» ብሎ ይጨምርበታል፣ ከቀናት በኋላ ባክቴሪያዎቹን ራሳቸውን የሚያፍን መጠን ሊከማች ይችላል። ለ100 ሊትር የሚያስፈልገው ግማሽ ግራም እንኳ የማይሞላ መሆኑን ማሰብ ይበቃል።

ጤነኛ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካለዎት ግን ሥራው በእጅጉ ያጥራል። ከማጣሪያው ውስጥ የቆየ ስፖንጅ ወይም አንድ እፍኝ ጠጠር ይለምኑት። በቧንቧ ውሃ ሳይታጠብ፣ እርጥብ እንደሆነ፣ ግማሹ አየር በሆነ ፕላስቲክ ይዘው በዚያው ቀን ከራስዎ ማጣሪያ አጠገብ ያስገቡት። ዓሦቹ የታመሙበት ወይም በቅርብ ዓሣ የሞተበት ገንዳ ከሆነ አይቀበሉ።

አራተኛ፦ መለካት

በጠብታ የሚሠራ የአሞኒያ፣ የናይትራይት፣ የናይትሬትና የፒኤች መመርመሪያ ያስፈልጋል። በወረቀት የሚሠራው ግምት ብቻ ይሰጣል። ሁሉንም መግዛት ካልተቻለ አሞኒያንና ናይትራይትን አይተዉ። መመርመሪያውን ከውጭ በሚመጣ ሰው የሚያስመጡ ከሆነ ከገንዳው አስቀድመው ያስመጡት፣ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑንም ይመልከቱ። ያለ መመርመሪያ ውሃው ስለጠራ ብቻ «ደርሷል» ማለት አይቻልም፤ አሞኒያም ናይትራይትም በዓይን አይታዩም።

በየሁለት ቀኑ ይለኩ፣ ውጤቱንም ከቀኑ ጋር በደብተር ይጻፉ። በመጀመሪያው ሳምንት አሞኒያው ባለበት ይቆማል፣ ምንም የሚሆን አይመስልም። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ ናይትራይት መታየት ይጀምራል፣ አሞኒያም መውረድ ይጀምራል፤ ይህ የመጀመሪያዎቹ ባክቴሪያዎች መልማታቸውን ያመለክታል። አሞኒያው ወደ ዜሮ በተጠጋ ቁጥር መጀመሪያ የጨመሩትን ያህል ይድገሙ። ናይትራይቱ እየወጣ ሄዶ ከመመርመሪያው የመጨረሻ ቀለም ላይ ሊሰቀል ይችላል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛውን ልክ ለማወቅ አንድ እጅ የገንዳ ውሃ ከዘጠኝ እጅ የታሸገ ውሃ ጋር ቀላቅለው ይለኩና ውጤቱን በ10 ያባዙት። በአንድ ሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ አሞኒያ መጨመሩን አቁመው የውሃውን ግማሽ ይቀይሩ። ሁለተኛዎቹ ባክቴሪያዎች ከመጀመሪያዎቹ ዘግይተው ስለሚመጡ ይህ ደረጃ ከሁሉ ይረዝማል። አንድ ጠዋት ናይትራይቱ በድንገት ወርዶ፣ ናይትሬቱ ጨምሮ ያገኙታል።

ሥራው ሲቆም

ቁጥሮቹ ለአንድ ሳምንትና ከዚያ በላይ ሳይለወጡ ከቆዩ መጀመሪያ ፒኤች ይለኩ። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ሲለውጡ በውሃው ውስጥ ያለውን፣ ፒኤችን የሚያረጋጋውን ባይካርቦኔት ይጨርሳሉ። ለስላሳ ውሃ ባለበት ቤት ጥቂት ዙር ብቻ እንደተሠራ ፒኤች ከ6.5 በታች ይወርዳል፣ ሥራውም ይጎተታል፤ ከ6 በታች ሲሆን ከሞላ ጎደል ይቆማል። የተወሰነ ውሃ መቀየር ወይም ለ100 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙቶ መጨመር ያስተካክለዋል። ሱቅ ሲሄዱ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጥዎ ፓኬቱን ያንብቡ፤ እሱ ሌሎች ነገሮች የተቀላቀሉበት ነው።

ፒኤች ሲጨምር ግን የአሞኒያ መርዛማነትም ይጨምራል። በ25 ዲግሪ ሙቀት፣ ፒኤች 7 ሲሆን ከጠቅላላው አሞኒያ ውስጥ አደገኛው ዓይነት ከ1 በመቶ ያነሰ ነው፤ ፒኤች 8 ሲደርስ ወደ 5 በመቶ፣ 9 ሲሆን ከሲሶ በላይ ይሆናል። ዓሣ በሌለበት ገንዳ ይህ አያሳስብም፤ ዓሣ ባለበት ግን ቤኪንግ ሶዳ ከመጨመርዎ በፊት አሞኒያው ዜሮ መሆኑን ያረጋግጡ።

ሌላው የመቆም ምክንያት መብራት ነው። ለአንድና ለሁለት ሰዓት ቢጠፋ ጉዳት የለውም። ለረጅም ሰዓት ከጠፋ፣ በተዘጋ ማጣሪያ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ጨርሰው ይሞታሉ፤ ስለዚህ ማጣሪያውን ከፍተው ስፖንጁን ገንዳው ውስጥ ያንሳፍፉት። ገንዳውን በብርድ ልብስ ወይም በጋቢ ይሸፍኑ፣ ከላይ በኩል ግን የአየር መግቢያ ይተዉ። የባትሪ ፓምፕ ከሌለ ውሃውን በጆግ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል። መብራቱ ሲመጣ፣ ለብዙ ሰዓት ታሽጎ የቆየ ማጣሪያ ውስጥ ያለውን የቆመ ውሃ ደፍተው እንጂ እንዳለ አያስነሱት።

አምስተኛ፦ ማረጋገጫውና ዓሦቹ

ገንዳው ደርሷል የሚባለው አሞኒያውን ወደ 2 ሚሊ ግራም ካደረሱ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው። ይህን ሁለት ቀን ተከታትለው ያረጋግጡ። በዓሣ ቁራጭ ወይም በዓሣ ምግብ የጀመሩ ሰዎች መጠኑን በትክክል ስለማያውቁ፣ በየቀኑ ምግብ እየጨመሩ ለአንድ ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆነው መቆየታቸውንና ናይትሬቱ መጨመሩን ይመልከቱ፤ ሲጀምሩም ጥቂት ዓሣ ብቻ ያስገቡ።

በዚህ ጊዜ ናይትሬቱ ብዙ ተከማችቷል፤ እያንዳንዱ የ2 ሚሊ ግራም ዙር ወደ 7 ሚሊ ግራም ናይትሬት ይተዋል። ስለዚህ ከውሃው ሁለት ሦስተኛውን ወይም ከዚያ በላይ ቀይረው ናይትሬቱን በአንድ ሊትር ከ20 ሚሊ ግራም በታች ያውርዱ። ለ100 ሊትር ገንዳ ይህ 70 ሊትር ያህል ክሎሪኑ የወጣ ውሃ ማለት ስለሆነ፣ የሰፈርዎ የውሃ ፈረቃ የሚውልበትን ቀን አይተው አስቀድመው ያጠራቅሙ፤ ዓሣ የሚገዙበትንም ቀን በዚያው ልክ ይወስኑ። አዲሱ ውሃ እንዳይቀዘቅዝ በምድጃ የሞቀ ውሃ ቀላቅለው ከገንዳው ሙቀት ጋር ያስተካክሉት። ዓሦቹ እስኪመጡ ድረስ ባክቴሪያዎቹን መመገብ አያቋርጡ፤ የመጨረሻው አሞኒያ ግን ከውሃው ቅየራ በፊት ተጨምሮ ማለቅ አለበት።

ለ100 ሊትር መጀመሪያ ከስድስት እስከ ስምንት ትናንሽ ዓሦች፣ ለምሳሌ ጋፒ፣ ፕላቲ ወይም ዜብራ ዳኒዮ ይበቃሉ። ጎልድፊሽ ብርድ ስለሚችል ለአገራችን የተመቸ ይመስላል፤ ነገር ግን ትልቅ ሆኖ ያድጋል፣ ቆሻሻውም ብዙ ስለሆነ ለዚህ መጠን አይሆንም። ዓሦቹ የመጡበትን ፕላስቲክ 20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ላይ ያንሳፍፉ፣ የገንዳውን ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩበት፣ ከዚያ ዓሦቹን በመረብ አውጥተው ያስገቡ፤ የሱቁን ውሃ ይድፉት። በመጀመሪያው ቀን አይመግቡ። ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ እየለኩ፣ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ብቻ ቀጣዮቹን ይጨምሩ።

ስፖንጁ ሲደፈንም በቧንቧ ውሃ ሳይሆን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርገው ያጥቡት።

ዓሣው አስቀድሞ ገብቶ ከሆነ

ይህን የሚያነቡት ዓሦቹ ገንዳው ውስጥ ሆነው ከሆነ ዛሬውኑ አሞኒያና ናይትራይት ይለኩ። ከሁለቱ አንዱ ከ0.5 ሚሊ ግራም በላይ ከሆነ ግማሹን ውሃ ክሎሪኑ በወጣና ሙቀቱ በተመጣጠነ ውሃ ይቀይሩ፤ ነገም ለክተው እንደገና ይቀይሩ። ምግብ በሁለት ቀን አንዴ፣ ያውም በጥቂቱ ይስጡ፤ ጤነኛ ዓሣ ለጥቂት ቀናት ሳይበላ መቆየት ይችላል። ናይትራይት ከታየ ለ10 ሊትር 1 ግራም የገበታ ጨው አሟሙተው ይጨምሩ፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይቱ በስንጥብ በኩል ወደ ደም እንዳይገባ ይሻማዋል፣ አዮዲኑም በዚህ መጠን አይጎዳም። ውሃ በቀየሩ ቁጥር ጨው የሚጨምሩት ለተቀየረው ውሃ ልክ ብቻ ነው። አዲስ ዓሣ አይግዙ፣ ማጣሪያውን አይጠቡ፣ ጠጠሩንም አይቀይሩ፤ ሁለቱም ቁጥሮች ለአንድ ሳምንት ዜሮ እስኪቆዩ ድረስ በዚሁ ይቀጥሉ።